ከካሜራው በፊት አዳራሹ

ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
አሶሳ

ጉዳዩ፦ የክልሉን የፊልም ሥራ ከማሳያው ስለ መጀመር

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ባለፉት አሥራ አራት ዓመታት ከኢትዮጵያ ገጠሮች ውስጥ የጉባን ያህል ካሜራ የጎበኘው ወረዳ ማግኘት ይከብዳል። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ መሠረት እዚያ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ ጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀበት ዕለት ድረስ ኮንክሪቱ ከታችም ከላይም ተቀርጿል። ተርባይኑ፣ ውኃው፣ መሐንዲሱ፣ ጎብኚው ባለሥልጣን ሁሉም በየተራው ታይቷል። በወንዙ ዳር ይኖር የነበረው የጉሙዝ ገበሬ ግን በዚያ ሁሉ ምስል ውስጥ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ከጀርባ ነው፤ ሲያጨበጭብ ወይም ሲጨፍር እናየዋለን፣ ሲናገር ግን ተራኪው ይቀድመዋል። ይህን የማነሣው ግድቡን ለማሳነስ አይደለም። መቀረጽና የራስን ታሪክ መናገር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ጉባ ከማንም በላይ ስለሚያሳይ ነው።

ቢሮው ፊልም አይደግፍም ብዬም አልከስም። የባህል ቢሮዎች በየክልሉ ፊልም ያሠራሉ። በዓል ሲደርስ ወይም ባዛር ሲከፈት ዘጋቢ ፊልም ይታዘዛል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፣ ሥራው በመድረክ ላይ ይታያል፣ ከዚያ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ይቀራል። ጥያቄዬ ገንዘቡ ከየትኛው ጫፍ ይጀምር የሚል ነው። የክልሉ ሰው የገዛ ምስሉ ባለቤት የሚሆነው ፊልም ስለታዘዘለት አይመስለኝም። ፊልም የሚታይበት ቦታና ከዚያ የሚገኘው ገቢ በእጁ ሲገባ ነው። ስለዚህ ለፊልም የሚመደበው የመጀመሪያው ብር ከቀረጻ በፊት ለማሳያ ይዋል እላለሁ። የአፍሪካ ፊልም የስድሳ ዓመት ታሪክ የሚመሰክረው ይህንኑ ነው፤ የአዲስ አበባዎቹ ፕሮዲዩሰሮች ድካምም እንዲሁ።

ከቅኝ ግዛት በኋላ የተነሣው የአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ክርክር የሴኔጋልና የአልጄሪያ ጉዳይ ነው፣ በአድዋ ድል ያደረገች ሀገር ምን አገባት የሚል መከራከሪያ እንዳለ አውቃለሁ። ግማሹ ትክክል ነው። ነገር ግን የክርክሩ ልብ ባንዲራ አልነበረም፤ ማን ማንን ይቀርጻል፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ለየትኛው ዓይን የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ በአንድ ሀገር ውስጥም በመሐልና በዳር መካከል ይነሣል። ቤኒሻንጉል በ1890 ዓ.ም. አካባቢ በራስ መኮንን ዘመቻ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ሲጠቃለል በመሐል ሀገር የሚታወቀው በወርቁና በባሪያ ንግዱ ነበር። ስለ አሶሳው ገዥ ስለ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን በአዲስ አበባ የቀረው ቅርስ አንድ አሮጌ ቤትና ሾጎሌ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ሰፈሩን በታክሲ የሚያቋርጠው ብዙ ነው፣ ሰውየውን የሚያውቀው ጥቂት። ዛሬም ስለ ክልሉ የሚሠራ አጭር ፊልም በምን እንደሚከፈት ሁላችንም መገመት እንችላለን። ሸክሟን በትከሻዋ በተጋደመ በትር ጫፍና ጫፍ ያንጠለጠለች የጉሙዝ ሴት፣ ቀጥሎ ዙምባራ፣ ቀጥሎ ማንጎ፣ ቀጥሎ ወርቅ። ዙምባራ እያንዳንዱ ነፊ አንድ አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ፣ ብዙዎች እየተቀባበሉት ዜማ የሚሆን የበርታ ሙዚቃ ነው። ሃያ ሰከንድ ቆርጦ ከተራኪ ድምፅ ሥር ማስገባት ሙዚቃውን ትቶ ጩኸቱን መውሰድ ነው።

ይህን ዓይነቱን ምስል የምንመዝንበትን ሚዛን ያበጀልን ኢትዮጵያዊ ምሁር አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሁለት የአርጀንቲና ፊልም ሠሪዎች፣ ፈርናንዶ ሶላናስና ኦክታቪዮ ጌቲኖ፣ ከሆሊውዱ ንግድም ከአውሮፓው የግለሰብ ጥበብም የተለየ ሦስተኛ ሲኒማ ያስፈልጋል ብለው ጻፉ። ሐሳቡን ወደ አፍሪካና እስያ ፊልሞች አስፍተው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያደረጉት ግን ጢቾ ተወልደው በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ያረፉት ተሾመ ገብርኤል ናቸው። ተሾመ የሦስተኛው ዓለም ፊልም የሚያልፍባቸውን ሦስት ደረጃዎች ለይተው ነበር። መጀመሪያ የባዕዱን መኮረጅ፣ ቀጥሎ ወደ ራስ ባህልና ትዝታ መመለስ፣ በመጨረሻም ሕዝቡ የኑሮውን ጥያቄ ራሱ የሚያነሣበት የትግል ደረጃ። ስለ ሁለተኛው ደረጃ ያስጠነቀቁት ለእኛ የተጻፈ ይመስላል፤ ትናንትን ሳይመረምሩ ማወደስ ሌላ ወጥመድ ነው። በክልሎች በትእዛዝ የሚሠሩት የባህል ፊልሞች በአብዛኛው በዚህ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆመዋል። ልብሱ አለ፣ ጭፈራው አለ፣ የቦሮ ሺናሻው ጋሪ ዎሮ አለ። ልብሱን የለበሰው ሰው ስለ መሬቱ፣ ስለ ልጁ ሥራ ማጣት፣ ስለ ጋብቻው፣ ስለ ጎረቤቱ የሚያስበው የለም።

እስከዚህ ድረስ የብዙ ተቺዎችን ሐሳብ ነው የደገምኩት። የምለያቸው ከዚህ በኋላ ነው። ተቺው ይህን ጉድለት ካየ በኋላ ፊልም ሠሪውን ይወቅሳል፤ ድፍረት የለህም፣ ዓላማ የለህም፣ ለገንዘብ ተሸጥህ ይለዋል። የዓላማ እጥረት ቢሆን ኖሮ ኡስማን ሴምቤን ባልተቸገረ። ሴምቤን በማርሴይ ወደብ ጫኝና አውራጅ የነበረ፣ ኋላም ደራሲ የሆነ ሴኔጋላዊ ነው። መጽሐፉን የሚያነብለት ወገኑ ጥቂት መሆኑን ሲያይ በአርባ ዓመቱ ገደማ ሞስኮ ሄዶ ፊልም ተማረ፤ ሲኒማን የሕዝብ የማታ ትምህርት ቤት ይለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 «ማንዳቢ»ን በወሎፍ ቋንቋ ሠራ። ከፈረንሳይ መንግሥት የፊልም ድጎማ ስላገኘበት ግን ያንኑ ፊልም በፈረንሳይኛም ደግሞ መሥራት ነበረበት። ታሪኩ ከፓሪስ የተላከለትን ሐዋላ መታወቂያ ስለሌለው ማውጣት ስላቃተው የዳካር ሰው ነው፤ የፊልሙ ባለታሪክና የፊልም ሠሪው ዕጣ ተመሳሰለ። በዚያን ጊዜ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ በሆነው የምዕራብ አፍሪካ ክፍል ምን ፊልም በየትኛው አዳራሽ እንደሚታይ የሚወስኑት ኮማሲኮና ሴክማ የሚባሉ ሁለት ኩባንያዎች ነበሩ። ነጻነት ታውጆ ስክሪኑ ግን ነጻ አልወጣም። ሴምቤን ስለ ሳሞሪ ቱሬ ሊሠራ ለአሠርት ዓመታት ያቀደውን ትልቅ ፊልም ገንዘብ ሳያገኝለት እ.ኤ.አ. በ2007 አረፈ።

ነገሩን ከሥሩ የነካችው በጊዜው ላይኛው ቮልታ ትባል የነበረችው ቡርኪና ፋሶ ናት። ከዓለም ድሃ ሀገሮች አንዷ፣ ባሕር በር የሌላት፣ ስመ ጥር ፊልም ሠሪም ያልነበራት ሀገር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1970 ከሁለቱ ኩባንያዎች ጋር ስትጣላ አዳራሾቹን ወረሰች፤ ከትኬቱም ገቢ ለሀገር ውስጥ ፊልም የሚውል ድርሻ እንዲቆረጥ አደረገች። ልብ በሉ፣ አዳራሾቹ ያን ጊዜም የሚያሳዩት የአሜሪካን፣ የሕንድንና የካራቴ ፊልም ነበር። ሕዝቡ የለመደውን እያየ ሳለ ከኪሱ የምትወጣው ሳንቲም የገዛ ልጆቹን ፊልም ትከፍል ጀመር። ዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም መዲና የሆነችው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረውም የፊልም ፌስቲቫል ፌስፓኮ እስከ ዛሬ እዚያው የሚካሄደው በንግግር ብዛት አይደለም። ሁሉም ሠመረ ማለቴ ግን አይደለም። ቡርኪና ያለችበት የአሥራ አራት ሀገሮች የጋራ የፊልም አከፋፋይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ሥራ ጀምሮ በአባል መንግሥታት ቸልተኝነትና በተጠራቀመ ዕዳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈርሷል። መንግሥት ስክሪን ይዞ ሒሳብ ካልያዘ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከእኛ ወገን የኃይሌ ገሪማ ሕይወት ተመሳሳይ ነገር ይናገራል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አብዮቱ በፈነዳበት ወቅት በጥቁርና ነጭ፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋንያን፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እዚሁ ሀገር ቀረጹ፤ ሦስተኛው ሲኒማ ሲባል ዛሬም የሚጠራ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ» ሲወጣ አከፋፋዮች ፊት ነሷቸው። ያደረጉት ምንድን ነው? በዋሽንግተን ራሳቸው አዳራሽ ተከራይተው አሳዩ፤ ማኅበረሰቡ ተሰለፈ፤ ከዚያም ከተማ በከተማ በዚሁ መንገድ ሄዱ። በፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2009 ያገኘው «ጤዛ» ደግሞ ገንዘቡን ለማሰባሰብ ከአሥር ዓመት በላይ ወስዶ በአውሮፓ አጋሮች እርዳታ ነው ያለቀው። እንግዲህ የዓለም ስም ያላቸው መምህር እንዲህ ከደከሙ፣ አሶሳ ላይ አንድ ካሜራና አንድ ኮምፒውተር ይዞ የተቀመጠ ወጣት ከፍ ያለ ዓላማ ስለሌለው ነው ፊልም ያልሠራው ማለት ግፍ ነው።

በአዲስ አበባ ያሉትም ፕሮዲዩሰሮች ቢሆኑ ከሚወቀሱት በላይ ሊመረመሩ ይገባል። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ከተዘጋ በኋላ የመንግሥት ድጋፍ የሚባል ነገር ቀረ። በዚያ ባዶ ቦታ ላይ የገቡት ቤታቸውንና መኪናቸውን አስይዘው፣ ከዘመድም ተበድረው በቪዲዮ ካሜራ ፊልም መሥራት የጀመሩ የግል ሰዎች ናቸው። ቴዎድሮስ ተሾመና መሰሎቹ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ያስጀመሩት ሩጫ በአንድ ከተማ ጥቂት አዳራሾች ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ፊልሙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወጪውን ካልመለሰ አለቀ፤ ከአዳራሹ ድርሻ፣ ከግብርና ከማስታወቂያ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ኮፒው ደግሞ ወዲያው ይወጣል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቢኖርም መንገድ ዳር ያለውን ሻጭ አላስቆመም። እንዲህ ባለ ሒሳብ ውስጥ ያለ ሰው የፍቅር ኮሜዲ ቢመርጥ ምን ይገርማል? በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያስገባ መጣ፤ የሀገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃወሙ፤ ተመልካቹ ግን ቁጭ ብሎ አየ። በ2012 ኮሮና አዳራሾችን ዘጋ፤ ብዙ ፊልም ወደ ዩቲዩብ ተሰደደ። በሌላው ጫፍ «ድፍረት» እና «ላምብ» በሰንዳንስና በካን ሲታዩ ተደስተናል፤ የ«ላምብ» ገንዘብ በአብዛኛው የአውሮፓ ነበር፣ የ«ድፍረት» የአዲስ አበባ ምረቃ ደግሞ በፍርድ ቤት እግድ መሐል ተቋርጧል። ከሁለቱ መንገዶች፣ ከፌስቲቫሉም ከገበያውም፣ በአሶሳ የሚያልፍ የለም።

የክልላችንን ቁጥር ብቻ እንመልከት። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 784 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው ከ13 በመቶ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከመቶ ሺህ ብዙም ያልዘለለ የከተማ ነዋሪ፣ እርሱም በአሶሳ፣ በግልገል በለስ፣ በፓዌ፣ በባምባሲ፣ በካማሺና በሌሎችም ተበትኖ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ቢያድግም አንድ ፊልም በአዲስ አበባ እንደሚያደርገው በቋሚ አዳራሽ ትኬት ወጪውን ሊመልስ እንደማይችል ግልጽ ነው። ስለዚህ በክልሉ ያለ ፊልም ሠሪ ያለው ደንበኛ መንግሥትና ግብረ ሰናይ ድርጅት ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ደንበኛ ብቻ ያለው ሙያተኛ የደንበኛውን ፍላጎት ይሠራል፤ ስለ ክትባት፣ ስለ በዓል፣ ስለ ምረቃ። ጥበብ አልጎደለውም፣ ተመልካች ነው የጎደለው። የሚከፍለው ተመልካች ቢኖር ኖሮ የሚጠይቀው ሌላ ነገር በሆነ። ሕንፃ በመገንባትም ሆነ ለበዓል ካሜራ በመጋበዝ ችግሩ አይፈታም። ክልሉ ኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. ዘጠነኛውን የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሲያስተናግድ አሶሳ በካሜራ ተጥለቀለቀች፤ እንግዳው ሲሄድ ካሜራውም አብሮ ሄደ።

የምጠይቀው ነገር ትንሽ ነው። ፕሮጀክተር፣ ድምፅ ማጉያ፣ ጀነሬተርና የሚጠቀለል ስክሪን የጫነ አንድ ወይም ሁለት መኪና፣ በተወሰነ ፕሮግራም ከአሶሳ ወደ መንጌ፣ ወደ ኩርሙክ፣ ወደ ባምባሲ፣ ወደ ቶንጎ፣ ሁኔታው ሲፈቅድም ወደ መተከልና ወደ ካማሺ ይዙር። በከተማው ያሉት የስብሰባና የትምህርት ቤት አዳራሾች፣ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲም ግቢ በሳምንት አንድ ማታ ለዚሁ ይከፈቱ። ትኬቱ ርካሽ ይሁን፣ ነጻ ግን አይሁን፤ ነጻ ከሆነ ስብሰባ ይመስላል። መጀመሪያ ላይ የሚታየው ሰው የሚወደው የአማርኛ ፊልም፣ የሱዳንና የሕንድ ፊልምም ቢሆን አልቃወምም። ለፊልሙ ባለቤት ድርሻው በደረሰኝ ይከፈለው፣ ከቀረው ላይ ደግሞ በክልሉ ውስጥ ለሚሠራ ፊልም ብቻ የሚውል ድርሻ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። ሒሳቡን ቢሮው ብቻውን አይያዝ፤ ፊልም ሠሪዎችና የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ያሉበት ቦርድ በየስድስት ወሩ በይፋ ይናገር። የአፍሪካውን የጋራ ድርጅት የገደለው ጭለማ ሒሳብ እዚህም እንዳይደገም። ተዘዋዋሪ ሲኒማ አዲስ ነገር አይደለም፤ እንግሊዞች በቅኝ ግዛቶቻቸው፣ ጣሊያኖችም በያዙን ዓመታት ለፕሮፓጋንዳ ተጠቅመውበታል። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ግን ቤኒን፣ ኒጀርና ማሊ ውስጥ መንደር ለመንደር የሚዞሩ ቡድኖች ያንኑ መሣሪያ ገልብጠው ለአፍሪካውያን የአፍሪካን ፊልም አሳይተውበታል።

በክልሉ አምስት ነባር ብሔረሰቦች ቋንቋ ፊልም መሥራት ተመልካች የለውም የሚል ተቃውሞ ይመጣል። በዚያው ቆጠራ በርታ ከ180 ሺህ በላይ፣ ጉሙዝ 160 ሺህ ገደማ፣ ኮሞ ከ10 ሺህ በታች ነበሩና ተቃውሞው ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሆኖም በሰሜን ካናዳ ኢግሉሊክ የምትባል ሁለት ሺህ ገደማ ሰው ያላት የኢኑይት መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቴሌቪዥን ሊገባላት ሲል በራሳችን ቋንቋ ካልተናገረ አንፈልግም ብላ በድምፅ ብልጫ ደጋግማ ያልተቀበለች መንደር ናት። ከዚያች መንደር የወጣው ዘካሪያስ ኩኑክ በኢኑክቲቱት ቋንቋ የሠራው «አታናርጁዋት» እ.ኤ.አ. በ2001 በካን የመጀመሪያ ፊልም ሽልማትን ወሰደ። ካናዳ ሀብታም ናት ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ የመንግሥት ገንዘብም ገብቶበታል። ለእኛ የሚጠቅመው ቅደም ተከተሉ ነው። መንደሯ በመጀመሪያ ስክሪኗ ላይ የሚታየውን የመወሰን መብት ያዘች፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ፊልሙ መጣ። ወጪን በተመለከተም ኡጋንዳ ውስጥ ፊልሙ እየታየ ቆሞ በሀገሬው ቋንቋ የሚተረጉም ሰው ከፊልሙ እኩል የሚወደድ ባለሙያ ነው። አሶሳ ማይክሮፎን የያዘ የበርታ ተርጓሚ፣ ጉባ ወረዳ ማንኩሽ ላይ የጉሙዝ ተርጓሚ መቅጠር ከአንድ ቀን የስብሰባ አበል የሚበልጥ ወጪ የለውም። ለወደፊቱ ተዋናይ፣ ደራሲና ተራኪም እዚያው መኪና ላይ ይሠለጥናል።

ከሁሉም ከባዱ ተቃውሞ ሰላምን የሚመለከተው ነው። በመተከልና በካማሺ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ዓመታት ብዙ ሰው ተገድሏል፣ እጅግ ብዙም ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ቁስል ላይ ሰዎችን በምሽት ሰብስቦ ስለ ኑሯቸው የሚናገር ፊልም ማሳየት እሳት መጫር አይሆንም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የጸጥታ አካል በአንድ ቦታ አይቻልም ካለ መኪናው አይሂድ። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ስክሪፕት ሁሉ በቢሮ ተነቦ ይፈቀድ ማለት ሌላ ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል፤ ጥላቻ ለሚሰብክ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ከፊልም ይልቅ አደገኛው በስልክ የሚዘዋወረው፣ ማን እንደቀረጸው የማይታወቅ የሃያ ሰከንድ ቪዲዮ መሆኑንም ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። ለዚያ መድኃኒቱ ስክሪን ማጥፋት ከሆነ ክልሉ ያለፈውን ለመናገር የሚችልበት ቦታ አይኖረውም። ከኩርሙክ ማዶ፣ በሱዳን ብሉ ናይልና በኑባ ተራሮች፣ ሐጁጅ ኩካ የሚባል ሱዳናዊ ቦምብ እየወረደ ባለበት ከተፈናቃዮች መካከል ተቀምጦ ሙዚቃቸውን፣ ሳቃቸውንና ስለ ማንነት የሚከራከሩትን ክርክር ቀርጿል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በቶሮንቶ የተመልካቾችን የዘጋቢ ፊልም ሽልማት አገኘ። ከእኛ ድንበር ማዶ በጦርነት መሐል የተቻለ ነገር ድንበሩን ሲሻገር የማይቻል አይሆንም።

ሁሉም ሰው በስልኩ ያያል፣ ማሳያ ለምን ያስፈልጋል የሚሉም አሉ። ዩቲዩብ ገንዘብ የሚከፍለው በማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያው ደግሞ ብዙ ሰው ወደሚሰማው ቋንቋ ይሄዳል። በአማርኛ የሚሠራው ፊልም እዚያ ጥቂት ሊያገኝ ይችላል፣ በበርታ ወይም በማኦ የተሠራው ግን አያገኝም። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ላለው ተመልካች ደግሞ ስልኩ ሲኒማ አይሆንለትም። ውኃና ጤና ጣቢያ ይቀድማል የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው። የምጠይቀው ግን አዲስ በጀት አይደለም፤ ለበዓል ፊልም የሚወጣው ገንዘብ አቅጣጫውን እንዲቀይር ነው።

ለምን ያህል ታሪክ እንደምንሟገት አንድ ምሳሌ ብቻ ልጨምር። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከጣሊያን እጅ ያስለቀቀው የቤልጂየም ኮንጎ ጦር ነበር። አዛዦቹ ቤልጂየማውያን፣ ተዋጊዎቹ ኮንጎውያን። በሀገራቸው ተገዥ የሆኑ አፍሪካውያን ረጅም መንገድ ተጉዘው የአንድ ነጻ የነበረች አፍሪካዊት ሀገርን ከተማ ከሌላ ቅኝ ገዥ ነጻ አወጡ፤ ከዚያም ወደ ተገዥነታቸው ተመለሱ። ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኔጋል ቲያሮይ በፈረንሳይ ጦር ስለተገደሉት አፍሪካውያን ወታደሮች ያለ ፈረንሳይ ገንዘብ፣ በሴኔጋል፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ትብብር ፊልም ሠርቷል። የአሶሳውን ታሪክ ከአሶሳ ልጅ የተሻለ ማን ይሠራዋል? የከተማው ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙት አለ፤ የኮንጎዎቹም ወገን ትውስታ አለ። ይህን ፊልም ግን ማንም በጨረታ በዝቅተኛ ዋጋ አያሠራውም። የሚያሠራው ከትኬት ሽያጭ የተጠራቀመ፣ የክልሉ ሰው የኔ ነው የሚለው ገንዘብና ፊልሙ ባለቀ ማግስት መንጌና ሆሞሻ ላይ ሊታይ እንደሚችል የሚያውቅ ፕሮዲዩሰር ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው የበጀት ዓመት ዕቅዳችሁ ሲዘጋጅ ለዘጋቢ ፊልም ከሚያዘው ገንዘብ ግማሹ ለአንድ ዓመት ወደ ተዘዋዋሪ ማሳያ እንዲዛወር፣ ሥራው በአሶሳ ዞንና በማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ እንዲሞከር፣ የተሸጠው ትኬትና ለፊልም ሠሪዎች የተከፈለው ድርሻ በክልሉ ብዙኃን መገናኛ ለሕዝብ እንዲነገር እጠይቃለሁ። ሙከራው ካልሠራ ማቆም ቀላል ነው፤ መኪናውና ጀነሬተሩ ለሌላ አገልግሎት ይውላሉ። መልሳችሁንም፣ ተቃውሟችሁም ቢሆን፣ ይህ ደብዳቤ በወጣበት መንገድ ለሕዝብ ይፋ አድርጋችሁ እንድትሰጡ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ብዙኃን መገናኛ
ለአሶሳ ዩኒቨርሲቲ
ለክልሉ ፊልም ሠሪዎችና ተመልካቾች